ሁለተኛው ፊልምና የካፖርቱ እጅጌ

በደሌን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ በወሬው መካከል እንዳይጠፋብኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ፒያሳ፣ በሐጂ እንድሪስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ በዓይኔ ያየሁትን ፊልም እንዳየሁት ስለተናገርሁ ቀጣፊ ተባልሁ። ወንበሬንም ተቀማሁ። የፈረዱብኝ ሰው ክፉ አልነበሩም። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ነው ዝም ያለው። ሐጂ ሞተዋል፤ ያን ቀን መርፌ ይዘው ከነበሩትም ብዙዎቹ የሉም። እኔ ግን ስላለሁ እጽፈዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ማህሌት ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሷን ልታጥብ እኔ ዘንድ ቁስቋም ትመጣና ልብሱ እስኪደርቅ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊልም ታያለች። ባለፈው ቅዳሜ የስለላ ፊልም ነበር። ሰው ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ማኪና ይገለበጣል፣ ድልድይ ይፈርሳል። ግማሹ ላይ ስትደርስ ዘጋችውና «ክፍል ሁለት ሁልጊዜ እንዲሁ ነው እማማ፤ የመጀመሪያውን ያህል አይሆንም» አለችኝ።

ምስር እየለቀምሁ ነበር። ማን እንዲህ አለሽ ብላት፣ ሁሉም ሰው ይላል አለችኝ። ሁሉም ሰው የሚለው ነገር እኔን አንድ ጊዜ አቃጥሎኛልና ሰፌዱን አስቀምጬ አወራኋት። አሁን የምጽፈው ለእሷ የነገርኋትን ነው።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከእንፍራንዝ ወደ አክስቴ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ሐጂ እንድሪስ ቁልፍ እንድተክል ተቀበሉኝ። ስፌት ቤቱ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አምስት የስፌት ማኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩት። ሐጂ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ደንበኛ ያመጣውን ጨርቅ ትራፊ በጣት የምታህል ብትሆን እንኳ ጠቅልለው ይመልሱለታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሜ አላየሁም።

የሲኒማ ቤቱን ነጭ መጋረጃ፣ ሥዕሉ የሚያርፍበትን፣ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ጨርቁ ሲገጣጠም ስፌቱ በሰው ፊት ላይ መስመር እንዳይጥል ሦስት ቀን ለፍተውበታል። የሲኒማ ቤቱ ጌታም ውለታውን ቆጥሮ አንዲት ወንበር ለስፌት ቤቱ ለቀቀ፤ አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር ከእኛ አንድ ሰው ገብቶ ያያል። ያየው ሰው ደግሞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላላዩት ያወራል። ማኪና እየተንቀጫቀጨ ወሬ ስለማይሰማ፣ ቁልፍ መትከሉም፣ ጠርዝ መቀምቀሙም፣ የእጅ ሥራ የሆነው ሁሉ ለሰኞ ይጠራቀም ነበር። የሐጂ ትእዛዝ አንድ ብቻ ናት፤ ያየኸውን በልኩ ተናገር፣ አታስረዝም፣ አታሳጥር።

ወንበሩ መጀመሪያ የአያ መላኩ ነበር። አያ መላኩ የስፌት ቤቱ ዋና ቆራጭ ነው፤ መቀስ ሲይዝ ሸጋ ሰው። ወሬ ላይ ግን አልሆነለትም። ተኮሰ፣ ወደቀ፣ ሌላው ሸሸ፣ አለቀ፤ በቃ። አንድ ቁልፍ ሳንተክል ፊልሙን ይጨርሰዋል። አንድ ጊዜ ለሠርግ ደባርቅ ሄዶ ሳለ ሐጂ እኔን ላኩኝ።

የመጀመሪያውን የስለላ ፊልም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቋንቋው የፈረንጅ ስለሆነ ከፊት፣ ከእጅ፣ ከልብስ ነው የምንረዳው፤ እኔ ይበልጡን ከልብስ። ሰላዩ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ነው። ስሙን ስላልያዝሁት «ረጅሙ» አልሁት። ማኪና የሚነዳለት ጓደኛ አለው፤ ጥይት እየዘነበም የሚስቅ። እሱን «ሳቂታው» አልሁት። ረጅሙ የተሰረቀ ወረቀት በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ድንበር ሊሻገር ሲል ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ ሳቂታው በሆዱ ተኝቶ የካፖርቱን እጅጌ ያዘና ጎትቶ አወጣው። እጅጌው አልተቀደደም። ስፌት ቤታችን ስለዚያ ስፌት ሳምንት ሙሉ ተከራከረ፤ ክሩ ድርብ ነው፣ አይደለም እየተባለ።

ሰኞ ሳወራ ሐጂ ልክ እየወሰዱ ነበር፤ ሜትሩን በደንበኛው ትከሻ ላይ እንደዘረጉ ቆመው አዳመጡኝ። ሳበቃ ስሜን ጠርተው ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ የባንቺአየሁ ነው አሉ። አያ መላኩ ከዚያ ቀን ወዲህ መቀስ ስለምነው በእጄ አይሰጠኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥልኛል።

ከሁሉ ይልቅ የተደሰተችው የሐጂ ልጅ ዘሀራ ናት። እኩያዬ ነበረች፤ ጥልፉን የምትጠልፈው እሷ ናት። የሐጂ ልጅ ሲኒማ ቤት ስለማትታይ በእኔ ዓይን ነበር የምታየው። የረጅሙ ጫማ ምን ዓይነት ነው፣ ሴትዮዋ ፀጉሯን እንዴት ሠርታዋለች እያለች ታደክመኛለች። አንድ ነገር ዘልዬ እንደሆነ ወዲያው ታውቅብኛለች።

በዓመቱ ሁለተኛው መጣ ተባለ። ሰውየው ያው ነው፣ ካፖርቱም ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። የመጀመሪያው እኮ አልቋል። ወረቀቱ ደርሷል፣ ሁለቱም ድነዋል፣ ተሳስቀው ተለያይተዋል። ያለቀ ልብስ ላይ ጨርቅ ቀጥሎ ማስረዘም እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ መቀጠያው ይታያል።

ወሩ ነሐሴ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። አክስቴ በፍልሰታ ሲኒማ ምነው ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ፤ ሥራ ነው፣ ሐጂ ልከውኝ ነው አልኋት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ተቆርጦ የአውቶቡስ መንገደኛ ሁሉ ከተማው ውስጥ ቀርቷል፤ ከዶፉ ለመሸሽ ሲኒማ ቤቱን የሞላውም እሱ ነው። ከደጅ የገዛሁትን የበቆሎ ጥብስ በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ በረዶ ሲጥል ከፊልሙ ጥይት ጋር ይቀላቀላል።

ፊልሙ በአምስት ክብ ቆርቆሮ ተከፋፍሎ ነበር የሚመጣው። ማዞሪያዋ አንዲት ስለሆነች አንዱ ባለቀ ቁጥር አምፑል ይበራል፣ ሰው ያፏጫል፣ ሌላው ይገባል። በመጀመሪያው ቆርቆሮ ሁለቱ ጓደኛሞች ተገናኙ። ረጅሙ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ እንደገና ሲያስረዱን ጊዜ አላጠፉም፤ እንደምናውቀው ያውቃሉ። ካፖርቱ ብቻ አርጅቷል፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ያን ሳይ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

አምፑሉ በርቶ ጠፋ። ቀጥሎ ሳቂታው ብቻውን ድልድይ ሥር ከአንድ መላጣ ሰውዬ ጋር ቆሟል። ጣቱን ወደ ረጅሙ ቤት ቀሰረ፣ ተጨባበጡ። ሳይስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው የመላጣው ሰዎች ረጅሙን አድፍጠው ያዙት፤ የሽቦ አጥር ዘሎ ሲያመልጥ የካፖርቱ ቀኝ እጅጌ ከትከሻው ሥር ተሸረከተ። ማን እንደሸጠው አላወቀም።

እንደገና አምፑል በርቶ ጠፋ። እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ያኔ የመጣው ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይበላሉ። ሳቂታው ይቀዳለታል፣ ትከሻውን ይመታዋል፣ ይስቃል። ረጅሙ ከደረት ኪሱ ሌላ የምስጢር ወረቀት የተቆለፈበትን ሣጥን ቁልፍ አወጣ። እኛ እናውቃለን፤ እሱ አያውቅም። ቁልፉን ይዞ እጁን በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። እስከ ሰኞ ድረስ ግን ድምፄ ዘግቶ ነበር። አንድ ነገር በደንብ አስታውሳለሁ፤ የዘረጋው እጅ ላይ እጅጌው ደህና ነው። ስንጥቁ የለም። እንዴት ያለ ሰፊ ቢያገኝ ነው ብዬ ተደነቅሁ።

የቀሩት ሁለቱ ቆርቆሮዎች የተራራ መንገድ ናቸው። ሊማሊሞን በጭነት ማኪና የወረደ ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ነበር። በመጨረሻ የሳቂታው ማኪና ገደል አፋፍ ላይ ተንጠለጠለች። ረጅሙ ሽጉጡን ጣለና በሆዱ ተኝቶ እጁን ሰደደለት። ሳቂታው እጅጌውን ያዘ። ያው ካፖርት፣ ያው እጅጌ፤ በመጀመሪያው ፊልም ረጅሙን ከወንዝ ያወጣው በእሱ ነበር። እጅጌው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሸርክቷል። ክሩ ተራ በተራ ሲበጠስ በቅርብ ያሳያሉ። እጅጌው ከነሰውየው ሄደ። ረጅሙ አንድ እጅጌ ባለው ካፖርት ገደሉ ላይ ቁጭ አለ። አዳራሹ ውስጥ በረዶው ብቻ ይሰማ ነበር።

እሑድ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ተከፈተ፤ መንገደኞቹም ሄዱ። አያ መላኩ ደግሞ በራሱ ኪስ ከፍሎ ገብቶ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም።

ሰኞ ድምፄ ስለዘጋ ሁሉም ወንበሩን አስጠግቶ ነበር የሚያዳምጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ስደርስ፣ የተሸረከተው እጅጌ ስፌቱ እንኳ ሳይታይ እንዴት እንደተጠገነ አድንቄ ተናገርሁ። አያ መላኩ ራሱን ቀና አደረገ።

«ቆይ እስኪ። የተሸረከተው እጅጌ ደህና ሆነ ነው የምትይ?»

«ጠግነውት ነዋ።»

«ስፌቱ ታየሽ?»

«አልታየኝም። ሸጋ አድርገው ነው የጠገኑት።»

«ከዚያ ደግሞ እዚያው ላይ ተቀደደ?»

«የተጠገነ ቦታ አይደል እንዴ ቀድሞ የሚቀደደው? ይህን ከአንተ ነው የተማርሁት አያ መላኩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባይስቁ ኖሮ ምናልባት ይተወው ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ወደ ሐጂ ዞረ።

«እኔም ትናንት አይቸዋለሁ። መጀመሪያ በሉ፣ ጠጡ፣ ቁልፉን ሰጠው። የሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። ካፖርቱንም ማንም አልጠገነው። ልጅቷ ከራሷ ቆርጣ እየሰፋች ነው።»

ሐጂ ሥራውን አስቆሙ። ከዚያ በፊት ሥራ ሲያስቆሙ አይቼ አላውቅም። ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ተናገሩ አሉን። አያ መላኩ በአጭሩ ተናገረ፤ ሳቂታው ከሀዲ መሆኑ ሲገለጥ ደነገጥን አለ፣ ከዚያ ገደሉን ነገረን። እኔ ደግሞ በዚያ በተዘጋ ድምፄ ያየሁትን ተናገርሁ። ቁልፉ ላይ ስደርስ ዘሀራ በእጇ በቀረው መርፌ ጣቷን ወጋችና በያዘችው ነጭ ኮሌታ ላይ ደም ነጠበ። ሐጂ እሑድ የገቡ ሁለት ነጋዴዎችን ከጎረቤት አስጠርተው ጠየቁ። ሁለቱም እንደ አያ መላኩ ተናገሩ። ቅዳሜ የገቡት ግን ሁሉም መንገድ ላይ ናቸው።

«የማን ያምራል ካላችሁ የባንቺአየሁ ያምራል» አሉ ሐጂ። «የጠየቅሁት ግን እሱን አይደለም። ፊልሙ አንድ ነው፤ ሁለት ልክ የለውም። ወንበሩ ለመላኩ ይመለስ። ልጄ፣ ያልሽውን አይተሽ እንደሆነ ማስረጃ አምጭ። ባመጣሽ ቀን ወንበርሽን እመልሳለሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊትም ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ፍርዱ ተሳስቷል፤ ፈራጁን ግን እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። የሚያምረው ሐሰት ነው ብለው ካመኑ በኋላ ስላማረ ብቻ ቢያልፉት ኖሮ ሌላ ሰው በሆኑ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ኮት ስሰፋ እጅጌውን ከመግጠሜ በፊት ገበሩን ዘጋሁትና ሁሉንም መተርተር ግድ ሆነብኝ። እየተረተርሁ ሳለ ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ የረጅሙ እጅጌ ደህና የነበረው ስለተጠገነ አይደለም። ገና ስላልተቀደደ ነው። ሦስተኛው ቆርቆሮ ከሁለተኛው ቀድሞ ገብቷል።

መርፌውን ነጠላዬ ላይ እንደሰካሁ ወደ ሲኒማ ቤቱ ሮጥሁ። ፊልም የሚያዞረው አያ ፈንታሁን የሚባል ወጣት ሰው ነበር። ቆርቆሮዎቹን ለአውቶቡስ በገመድ እያሰረ አገኘሁት። የካፖርቱን ነገር ነገርሁትና ቅዳሜ ዕለት አሳስተህ አዙረሃል ወይስ አላዞርህም አልሁት። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹን አየ።

«ቁጥር አላቸው። እኔ እንደ ቁጥራቸው ነው ያዞርሁት» አለ። «ሂጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ጆሮው ቀልቶ ነበር። የቀላ ጆሮ ግን ለሐጂ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ላይ «ጠጋኟ ባንቺ» ተባልሁ። ያልሆነ ነገር የሰማ ሁሉ ጠጋኟ ነች ያወራችህ ይላል። ስታጭ እንኳ የባሌ አክስት ይህን ስም ሰምታ ኖሮ፣ ልጅቷ ትዋሻለች ወይ ብላ ሰው ልካለች። ዘሀራ ብቻ ናት ያልተጠራጠረችኝ። አያ መላኩ ሰኞ ሰኞ ሲያወራ እሷ ከጥልፏ ቀና አትልም ነበር። እኔ በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ የራሴን ማኪና ገዝቼ፣ ልጆች አስተምሬ አረጀሁ። ሲኒማ ቤት ደግሜ አልገባሁም።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቁስቋም አንድ ጎረቤት ሞቶብን ድንኳን ተቀመጥን። ዘሀራም መጥታ አጠገቤ ነበረች። ባቄላ ንፍሮ እየዞረ ሳለ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተመራ ገባ። ወገቡ ጎብጧል፤ ጆሮውን ግን አወቅሁት። ተነሥቼ ፊቱ ቆምሁ። ሴቶቹ ምነው፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው እያሉ ቀሚሴን ይጎትቱኛል።

«አያ ፈንታሁን፣ ደግሜ እጠይቅሃለሁ። ያን ቅዳሜ ሦስተኛውን ከሁለተኛው አስቀድመሃል ወይስ አላስቀደምህም?»

ቀና ብሎ ብዙ አየኝ። «ጠጋኟ ነሽ?»

«ነኝ። ስሙን ያተረፍህልኝ አንተ ነህ።»

ንፍሮውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ሳያመናታ ተናገረ። ቆርቆሮዎቹ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በዝናብ ርሰው መጡ፤ ከፍቶ ጠረጋቸው፣ ክዳኖቹን ከሰል ዳር አደረቃቸው፣ ሲመልስ የሁለቱን ክዳን አለዋወጠ። ቁጥሩ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነበር። እሑድ አስተካክሎ አዞረው። ጌታው ቢሰማ ያባርረው ነበር፤ ሚስቱም አራስ ነበረች።

«አንቺ ያጣሽው ወንበር ነው፤ እኔ የማጣው እንጀራ ነበር» አለ።

«ወንበር ብቻ አይደለም። ስሜን ነው» አልሁት።

ባርኔጣውን አወለቀና በዘሀራ ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ። ዘሀራም ተነሣች። ጉልበቷ ያማታል፤ ትከሻዬን ይዛ ነው የተነሣችው። «አባባ ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ ብሎ ነበር። በእሱ ፋንታ ቆሜያለሁ፤ ይቅር በይን» አለችኝ። ሲኒማ ቤቱ ፊልም ማሳየት ካቆመ ቆይቷልና ወንበሩ አልተመለሰም። ስሜ ግን እዚያ ድንኳን ውስጥ ተመለሰልኝ።

ማህሌት ይህን ሁሉ ስትሰማ ልብሷ ደርቆ ነበር፤ አላነሣችውም። ሁለተኛ ፊልም የሚበላሸው ድልድዩ ስላነሰ አይደለም አልኋት። የመጀመሪያውን ስለሚረሳ ነው። እነዚያ ሰዎች አልረሱም፤ ፊት ያዳነውን እጅጌ ኋላ መግደያ አደረጉት። እንዲያ ከሠሩት መቀጠያው አይታይም፤ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። እዚያ ላይ ደግሞ የአያ ፈንታሁን ስህተት አለች፤ ሳቂታው ሲስቅ ከሀዲ መሆኑን አስቀድመን ማወቃችን። ከድንጋጤ ይልቅ ፍርሃት ሰውን ወንበሩ ላይ ይዞ ያቆየዋል።

ማህሌት ግን ፊልም አዟሪው መሳሳቱን ያወቀው መቼ ነው፣ ፊልሙ እየዞረ ሳለ ከሆነ ምነው አላቆመውም አለችኝ። ይህን እኔም ሳልጠይቀው አልቀረሁም። ከድንኳኑ ሲወጣ እስከ ደጅ ሸኝቼው ነበር፤ መልሱን የሰጠኝ ከዘራውን ተደግፎ ነው።

«ሁለቱ ለመብላት ሲቀመጡ ነው ያወቅሁት። ላቆመው እጄን ሰድጄም ነበር። በማዞሪያ ክፍሌ ቀዳዳ ወደ አዳራሹ ሳይ አንቺ ከወንበርሽ ተነሥተሽ ቆመሻል፤ ለፈረንጁ በአማርኛ ‹አትስጠው፣ ቁልፉን አትስጠው› ትያለሽ። መንገደኛው ሁሉ አብሮሽ ይጮሃል። እጄን መለስሁ። እሑድ በሥርዓቱ አዞርሁት፤ ቁልፉን ሲሰጠው አንድም ሰው አልጮኸም።»